ጓደኛዬ ያስተካከለው እንጉርጉሮ

እናቴ ስታርፍ እኔ ኦማን፣ መስቀጥ ነበርኩ። አል አንሳብ ሰፈር ለሚኖር አንድ ቤተሰብ መኪና እነዳለሁ፤ ለቀብሯ አልደረስኩም። ከዚያ በኋላ መኪና ውስጥ ብቻዬን ስሆን አንጎራጉርላት ጀመር። እንጉርጉሮዬን የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ወጠያ ሰፈር የመኪና መሸጫ የሚጠብቅ የአገሬ ልጅ። አርብ አርብ ከተራራው ማዶ አል አመራት ዘመዶቹ ዘንድ አደርሰዋለሁ። አንድ ቀን ዳገቱን ስንወጣ ሳላስበው ወጣብኝ። እስክጨርስ አዳመጠና ትከሻዬን ይዞ፣ «ነፍሷን ይማር» አለኝ። እንደ ወንድም ወደድኩት።

ትንሽ ቆይቶ እነዚያው ዘመዶቹ ምሳ ጠሩኝ። እጃችንን ታጥበን ሳንጨርስ ጓደኛዬ ስልኩን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘው። የሚያንጎራጉረው የኔ ድምፅ ነው፤ ግን ለስላሳ፣ ትንፋሽ የማያጥረው፣ ሳግ የማይዘው። ቃሉ ለእናቴ ያልኩት ራሱ ነው።

«ማነው ዘፋኙ?» አለች የአክስቱ ልጅ።

«ኮምፒውተር ነው! የሱን ድምፅ ሰጥቼ አዘፈንኩት» አለ እየሳቀ።

ለካ ያን ዕለት በስልኩ ሲቀዳኝ ኖሯል።

ወደ ውጭ ጠራሁት። ንዴቴ አልገባውም። ጭራሽ ሌላ ፕሮግራም ከፍቶ አሳየኝ። ሰዎች ሰምተው ነጥብ በሰጧቸው ዘፈኖች የሠለጠነ ነው አለኝ፤ ኮምፒውተር የሠራውን ዘፈን ሲሰጡት ሰሚ ምን ያህል እንደሚወደው አስቀድሞ ይገምታል።

«መጀመሪያ ልክ እንዳንተ አድርጌ ስሠራው ዝቅተኛ ሰጠው። እዚህ ጋ ድምፅህ ይሰነጠቃል። እሱን ሳስተካክለው ወዲያው ነጥቡ ወጣ!»

አሰማኝ። «እማዬ፣ አፈር ሳላለብስሽ» ያልኩበት ቦታ ነው።

«እዚህ ጋ እኮ እያለቀስኩ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ሰው ግን አይወደውም።»

«ሰው ይውደድልኝ ብዬሃለሁ?»

«ኻላስ፣ በቃ አጠፋዋለሁ» ብሎ እፊቴ አጠፋው። አመንኩት።

ከሳምንታት በኋላ አሠሪዎቼ ቤት የምትሠራው የአገራችን ልጅ ልብስ እየተኮሰች ያንኑ ስታዳምጥ ደረስኩ። «ይሄን ሰምተኸዋል? ሁሉም ይላላከዋል፤ እንዴት ደስ ይላል!» አለችኝ። ከማን እንደመጣ ብጠይቃት አታውቅም። የኔ ነው ለማለት አፌ እምቢ አለ።

ደወልኩለት። «እኔ ጋ ያለውን አጥፍቻለሁ። ቀድሞ የላክሁትን ምን ላድርገው?» አለኝ። ዘጋሁበት።

አሁን አርብ መኪናውን አጥቤ ክፍሌ እውላለሁ። ይደውላል፤ አላነሳም።