ጋሽ ቀስ በሉን የገጨች ጀልባ

ስሙን ያወጡላቸው ተሳፋሪዎቻቸው ናቸው። ሽማግሌው ጀልባ ቀዛፊ ሰው ሲሳፈር «ቀስ በሉ»፣ ሲወርድ «ቀስ በሉ»፣ መሃል ሐይቅ ላይ ሕፃን ሲያለቅስ እንኳ «ቀስ በሉ» ስለሚሉ፣ እናታቸው ያወጣችላቸው ስም ተረስቶ ጋሽ ቀስ በሉ ሆነው ቀሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሐይቁን ሲያቋርጡ የአንድ ተሳፋሪ እግር ረጥቦባቸው አያውቅም። ይህንንም በራሳቸው ጉብዝና አልቆጠሩትም፤ ማታ መቅዘፊያቸውን ግድግዳ አስደግፈው «ተመስገን» ሳይሉ ተኝተው አያውቁም።

ያን ዕለት ጧት ሐይቁ ጉም ለብሶ ነበር። ተሳፋሪያቸው አንዲት ልብስ ሰፊ ብቻ ናት። ማዶ ያለው ትምህርት ቤት የተማሪዎች ዩኒፎርም እንድትሰፋ ጠርቷት፣ የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋለች።

«ጋሼ፣ እንደርሳለን ወይስ እዚሁ ጎጆ እንቀልስ?» አለቻቸው እየሳቀች።

«ቀስ ብሎ የሄደ መድረሱ አይቀርም፣ ልጄ።»

አፋቸውን ሳይገጥሙ ከጉሙ ውስጥ የሞተር ድምፅ መጣባቸው። «ሰው አለ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ሰማይና ውሃው ተደበላለቀ።

ብቅ ሲሉ ጀልባቸው ጎኗ ተሰንጥቆ ተገልብጣለች። ልብስ ሰፊዋ በግራ እጇ ሳንቃ ጨብጣ «ድረሱልኝ!» እያለች ትጮኻለች። በዚህ መሃል ሞተሩ ጸጥ አለ። ቆመ፤ ሊያወጣን ነው፤ ተመስገን፣ አሉ በልባቸው። ሞተሩ ግን እንደገና ተነሣና እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

ዓሣ አስጋሪዎች ደርሰው አወጧቸው። የስፌት መኪናዋ ውሃው ውስጥ ቀረች። የልብስ ሰፊዋ ቀኝ ክንድ ተሰብሯል። እሳቸው በጭረት ተረፉ።

በማግስቱ የወደቡ ፖሊስ አስጠራቸው። ጠረጴዛው ላይ አንዲት የተጣመመች ቆርቆሮ ተቀምጣለች። ከተሰነጠቀው ሳንቃቸው መሃል ተሰክታ የተገኘች የገጪዋ ጀልባ ሰሌዳ ናት። አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ ስለነበር፣ ፖሊሱ በምላጭ ፍቆ ነው ቁጥሩን ያወጣው።

«ባለቤቱ ተገኘ» አለ።

«ተመስገን! ማነው?»

ፖሊሱ ኮምፒውተሩን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ እንደገና ኮምፒውተሩን አየ። «አባቴ፣ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ እኮ ተገጪው ነኝ፣ ልጄ።»

«እሱንም አውቃለሁ። ጀልባዋ ግን በስምዎ ናት። የሚነዳት ሌላ ከሆነ ይዘውት ይምጡ። አለዚያ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት፤ ፈቃድዎም ይነሣል።»

ወሬ እግር የለውም ያለ ማነው? ከቢሮው ወጥተው ወደቡ ዳር ሳይደርሱ ወሬው ቀድሟቸዋል።

«ሰማችሁ? ጋሽ ቀስ በሉ ራሳቸውን ገጭተው ከራሳቸው አመለጡ!»

«ቀስ በሉ ሲሉ የኖሩት ለካ ለራሳቸው ነው!»

እሳቸው አልሳቁም። ጀልባዋን ያውቋታል። የሞተሩ ጭስ ደረታቸውን ሲያስቸግራቸው ወደ መቅዘፊያቸው ተመልሰው፣ ታናሽ ወንድማቸው ትዳር ሲይዝ መርቀው የሰጡት እሷን ነበር። ያኔ «ስም አዛውሩ» ያላቸውን ሰው «ከአንድ ማሕፀን ወጥተን ደሞ ምን ወረቀት?» ብለው ስቀውበታል። እናታቸው ስትሞት ጡት ያልጠገበውን ልጅ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

ሸጧት ይሆናል፣ አሉ መንገዱን ሙሉ። አውሷት ይሆናል። ተሰርቃበት ይሆናል። ያን ቀን አንድ ሌባ ቢመጣላቸው አቅፈው በሳሙት ነበር።

ከወንድማቸው ቤት ጓሮ፣ እስከ ወገቧ ላስቲክ የለበሰች ጀልባ አፍንጫዋ ተሰባብሮ ተደፍታለች። ታናሹ ብሩሽ ይዞ ሰማያዊ ቀለም ይቀባል። ሲያያቸው ብሩሹ ከእጁ ወደቀ።

«አንተ ነህ?» አሉት።

እግራቸው ላይ ተደፋ። «ወንድም ጋሼ፣ አንተ መሆንህን አላወቅኩም! በእናታችን አፅም! አንተ መሆንህን ባውቅ እሳት ውስጥም ቢሆን እገባልህ ነበር!»

ጋሽ ቀስ በሉ ጀልባቸው ስትገለበጥ እንኳ እንዲህ አልደነገጡም። የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጡ።

«ሰው መሆኑንስ አውቀህ ነበር?»

ታናሹ ግንባሩን ከእግራቸው አላነሣም።

«ሞተሩን አጥፍተህ ነበር። ምን ሰማህ?»

«የሴት ድምፅ... ድረሱልኝ የሚል። ጉሙ ነው እኮ! ፈራሁ። ሌሎች ይደርሱላታል ብዬ...» ቀና አለ። «ወንድም ጋሼ፣ ጀልባዋ እንደሆነች በስምህ ናት። ተሰርቃብኛለች ብትል አንተን የሚጠራጠር የለም። ስለ ልጆቼ ብለህ።»

ፊቱን ትክ ብለው አዩት። ያው ፊት ነው፤ በጀርባቸው ሆኖ አንገታቸው ላይ ይተኛ የነበረው። መዋኘት አስተምሬዋለሁ፣ ሞተር ማስነሣት አስተምሬዋለሁ፣ አሉ በልባቸው። የሰው ጩኸት ስትሰማ ተመለስ ብዬ ሳልነግረው ቀርቼ ይሆን? ይህም የሚነገር ነገር ነው እንዴ? አምላኬ፣ የምለውን ስጠኝ።

«ተነሣ» አሉት በመጨረሻ። «እጅህን ታጠብ።»

«ፖሊስ ጋ?»

«መጀመሪያ እሷ ጋ።»

ልብስ ሰፊዋ የሆስፒታል አልጋ ላይ ቀኝ ክንዷ በጄሶ ታስሮ፣ በግራ እጇ መርፌ ይዛ ከትራሱ ጠርዝ ጋር ትታገላለች። ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ጀልባዋ በርስዎ ስም ናት አሉ። ውሸት ነው አልኳቸው።»

«እውነት ነው፣ ልጄ፤ በስሜ ናት። ባለቤቷ ግን ይኸው» ብለው ከበሩ ገለል አሉ።

ሴትዮዋ ታናሹን ከላይ እስከ ታች አየችው። ስድብ ይጠብቅ ነበር።

«ጮኼ ነበር» አለችው። «ሰምተኸኛል?»

ታናሹ ወንድሙን አየ። ሰውን ሁሉ «ቀስ በሉ» የሚሉት ሰው ምንም አላሉም፤ መስኮቱን ያያሉ።

«ሰምቼዎታለሁ» አለ። «ሞተሩን አጥፍቼ ሰማሁዎት። ከዚያ አስነሣሁትና ሄድኩ።»

ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋን በግራ እጇ ስትጠርግ መርፌው ሊወጋት ነበርና ጋሽ ቀስ በሉ ተቀበሏት።

«ለፖሊሱም እንዲሁ ንገረው» አለችው። «ምንም ሳትቀንስ። ከዚያ ከለቀቁህ ተመልሰህ ና። ይቅር ብዬህ እንዳይመስልህ፤ መርፌው ላይ ክር የሚያስገባልኝ አጥቼ ነው።»

ሁለቱ ወንድማማቾች ወጡ። ደረጃው ላይ ታናሹ እግሩ ተሳሰረ፤ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዞ ቆመና ወደ ኋላ አየ። ጋሽ ቀስ በሉ ክንዱን ያዙት። የለመዱት ቃል አፋቸው ላይ መጣ፤ ዋጡት።

«ቶሎ በል» አሉት።