ልጄ ዱባይ እስክትገባ

የመጀመሪያ ልጄ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝታ የሄደች ዕለት ነው። አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ሸኝቻት በዚያው ጠዋት ወደ ዲላ አውቶቡስ ስሳፈር፣ «ጌታ ሆይ፣ እግሯ መሬት እስኪረግጥ እህል አልቀምስም» ብዬ ቃል ገባሁ። በረራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ መጠየቁን እንባዬ አስረሳኝ።

አጠገቤ ለተቀመጡት የወናጎ ሽማግሌ ይህንኑ ባጫውታቸው ደነገጡ።

«ዱባይ? ባሕር ማዶ አይደለም እንዴ? እኛ ወናጎ ለመግባት ቀኑን ሙሉ ስንጓዝ፣ እሷማ ሲያንስ ሦስት ቀን ነው!»

ሦስት ቀን ያለ እህል! ለጌታ የሰጡት ቃል ደግሞ አይታጠፍም።

ሻሸመኔ ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። እህቴ የቋጠረችልኝ ቆጮና አይብ ሦስት ቀን እንደማይቆይ ሳስበው፣ «አባባ፣ ከሚበላሽ እርስዎ ይብሉት» ብዬ ሰጠኋቸው። አላቅማሙም። በየጉርሻው «መንገዷን ያቅናላት!» ይላሉ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ምራቄን እየዋጥኩ እጸልያለሁ።

ስልኬ ጮኸ።

«እማ፣ ዱባይ ገባሁ!»

«አትዋሺኝ! እኔ እንኳ ገና ሐዋሳ አልደረስኩም!»

«አራት ሰዓት ብቻ እኮ ነው የሚፈጀው!»

«ሃሌሉያ!» ብዬ ወደ ቋጠሮው ዞርኩ። ባዶ ነው። ሽማግሌው የመጨረሻዋን ጉርሻ አፋቸው ጋ እንዳደረሷት እጃቸው ቆመ።

«የኔ ልጅ፣ ምን ዓይነት ጸሎት ነው የያዝሽው? ትንሽ ብትዘገዪ ጨርሼው ነበር» አሉና አጎረሱኝ።