የቆጣሪዋ እህት

በሰፈሩ የራሷ ስም የላትም። ታላቅ እህቷ ደጃፍ ላይ ቆማ የመብራት ቆጣሪው ሲዞር ስታይ ስለምትውል «ቆጣሪዋ» ተባለች፤ ታናሺቱም «የቆጣሪዋ እህት» ሆና ቀረች። አርባ ዓመት አልፏታል። ቀን ለእህቷ ታበስላለች፣ ታጥባለች፤ ሲመሽ ልብስ ትሰፋለች። ስፌት ያስተማረቻት ራሷ ቆጣሪዋ ናት፤ ቁርጥማት ጣቶቿን ሳያኮማትራቸው በፊት እጀ ወርቅ የምትባል ሰፊ ነበረች።

በቅርቡ ቆጣሪዋ የቤቱን አምፖሎች ሁሉ አስወልቃ በኃይል ቆጣቢ አስቀየረች። ከስፌት መኪናው በላይ ላለው መብራት ከሁሉም ደካማውን መረጠችለት። ብርሃኑ ነጭ ሆኖ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ በሥሩ የሰው እጅ የበሽተኛ እጅ ይመስላል።

«እትዬ፣ እዚህች ላይ እንኳ የድሮውን ብትተዪልኝ? ቀለም አይለይልኝም።»

«እኔ በኩራዝ ሰፍቼ ነው ያሳደግሁሽ። አምፖሉን ተይና ዓይንሽን ታከሚ!»

ይህን ብላ የወለቀውን አምፖል ሲሚንቶው ላይ ለቀቀችው። «ጥረጊው» አለቻት።

ወዲያው አንዲት የስፌት ቤት ባለቤት ለታናሺቱ የሙከራ ሥራ ሰጠቻት፤ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ከጥቁር ሱሪ ጋር። ካማረላት ቋሚ ሥራ ታገኛለች፤ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ያለች ማደሪያ ክፍልም የእሷ ትሆናለች። ከውስጥ የምትቆልፈው በር ኖሯት አያውቅም።

ሁለቱ ጨርቆች ውፍረታቸውም ልስላሴያቸውም አንድ ነበር፤ የሚለያቸው ቀለማቸው ብቻ ነው። ቀኑ የእህቷ ስለሆነ በምሽት ቆረጠች፣ በምሽት ሰፋች። ሲያልቅ ኮቱን መስኮቱ ላይ ሰቅላ ተኛች፤ ሳይነጋ ተነሥታ ልብስ ልታጥብ ወደ ጓሮ ወጣች።

ስትመለስ ቆጣሪዋ ሥራውን በዚያ በማይታዘዝ እጇ አጣጥፋ፣ በንጹሕ አንሶላ ጠቅልላ ጠበቀቻት።

«አቧራ እንዳይነካው፣ እስክትደርሺ እንዳትፈቺው። ስፌትሽ ንጹሕ ነው።»

እህቷ አመስግናት አታውቅም። ታናሺቱ መንገዱን ሁሉ ጥቅሉን እንደ ሕፃን አቅፋ ሄደች።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ኮቱን ፈትታ ፀሐይ ወደሚገባበት በር ይዛው ሄደች። ገላው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ሁለቱም እጅጌዎች ከሱሪው ጨርቅ ተቆርጠው ድብን ያሉ ጥቁር ናቸው።

«ኑማ እዩልኝ!» ብላ ሰፊዎቹን ጠራች። «ገላው ሥራ ሲውል እጁ ለቅሶ ሊደርስ ሄዷል!»

የሳቁ ጩኸት የስፌት መኪናዎቹን አስቆመ። ታናሺቱ ስለ አምፖሉ ልታስረዳ አፏን ከፈተች።

«መብራት ነው እንዳትይኝ፣ እናቴ» አለች ባለቤቷ። «ቀለም በቀን ነው የሚለየው። ቀን የት ነበርሽ?»

ታናሺቱ አንሶላውን አጣጥፋ ወጣች።

ቤት ስትገባ ቆጣሪዋ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እትዬ፣ ስትጠቀልዪው አይተሽው ነበር?»

«እጅጌውን? ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ነው ያየሁት።»

«ምነው ታዲያ ዝም አልሽኝ?»

«ብነግርሽ አስተካክለሽ ትሄጂ ነበር።» እግሮቿን ከነጠላ ጫማዋ አወጣች። «በይ አሁን ውሃውን ለብ አድርጊው፤ እግሬን በርዶኛል።»

ታናሺቱ ሳፋውን አንሥታ ወደ ጓሮ ወጣች።