እትዬ አልማዝ የዋጠችው ኪኒን

ባለፈው እሑድ ዘነበወርቅ ሰፈር፣ የእህቴ ልጅ ሮማን ቤት ምሳ ተጋብዤ ነበር። ትንሿ ልጇ የሳል ሽሮፕ አልጠጣም ብላ አፏን ግጥም አደረገች። ሮማን ተቆጥታ፣ «አያትሽም እንዲህ መድኃኒት አልወስድም ብላ ነው የሞተችው!» አለቻት። ሐሰት ነው። ሐሰት መሆኑን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

የሮማን እናት፣ እትዬ አልማዝ፣ ታላቅ እህቴ ነበረች፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ኮልፌ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሳንባዋን ፈንገስ ያዘውና ሐኪም በቀን አንድ ኪኒን አዘዘላት። እኔ ያኔ ሁለተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ነበርኩ፤ ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ! ኪኒኑ ጨጓራዋን ሲያቃጥላት ጊዜ ጦር ኃይሎች ካለ ፋርማሲ የሚታኘክ የጨጓራ መድኃኒት ገዛሁና «አብረሽ ውሰጂው» አልኳት። ቃጠሎው ተዋት። በዚያ የክረምት ጭቃ እየዞረች ለጎረቤቱ ሁሉ «ወንድሜ ሐኪም ሆነልኝ» ስትል፣ እኔ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

ሳሉ ግን ባሰባት። ሐምሌ ሲያልቅ አልጫ እንኳ መቅመስ አቃታት፤ ልብሷ ሁሉ ሰፋት። ሐኪሙ ራጅዋን አየና ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ይህን ኪኒን የሚውጥ ሰው እንዲህ አይሆንም፤ እየጣለችው ነው» አለኝ። በንዴት ጦፌ ቤት ገባሁ።

«እትዬ፣ ለምን ትዋሺኛለሽ?»

«አፈር ስሆን፣ ውጬዋለሁ!»

«ታዲያ ምነው አልተሻለሽ?»

ከዚያ ወዲህ ኪኒኑን ፊቴ ትውጥና አፏን ከፍታ፣ ምላሷን አንስታ ታሳየኝ ጀመር፤ እናት የሆነችኝ ሴት! እኔም አይቼ ሳበቃ የጨጓራውን አቀብላታለሁ። መስከረም ላይ ሞተች። ሮማን ገና ስድስት ዓመቷ ነበር።

ነገሩ የገባኝ በዓመቱ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ መምህራችን ያንኑ ኪኒን ፈጭተው በሁለት ብርጭቆ ከፈሉት። እንደ ጨጓራችን አሲድ ባለበት ውኃ ውስጥ ሟሟ። የጨጓራ መድኃኒት በተጨመረበት ግን እንደ ኖራ ታች ተቀመጠ። «አሲዱን ካጠፋችሁበት አይሟሟም፤ ያልሟሟ ደግሞ ደም ውስጥ አይገባም» አሉ። ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ። የእህቴን መድኃኒት በየቀኑ ከንቱ ያደረግሁት በገዛ እጄ ነው።

አለማወቄን እግዜር ይቅር ይበለኝ። ዝምታዬንስ ምን ልበለው? ዘመድ ሁሉ «አልዋጥም ብላ እኮ ነው» ሲል አጠገባቸው ተቀምጬ ሰማሁ። ገዳይዋ እንዳልባል ፈራሁ። ፈሪ ለእናቱ ይሆናል ይባላል፤ እኔ እናት ለሆነችኝም አልሆንኩ።

እሑድ ዕለት፣ ማዕዱ ሳይነሳ፣ ሁሉንም ለሮማን ነገርኳት። «ጋሼ፣ እኔን ትታ መሞትን የመረጠች ነበር የሚመስለኝ» አለችኝ። «ዕድሜ ልኬን እንደተቀየምኳት ኖርኩ። እስከ ዛሬ እንዴት ዝም አሉ?»

ሳምንቱን ሙሉ አልደወለችልኝም፤ አልፈርድባትም። እህቴን የገደልኩት ሳላውቅ ነው። ልጇን ከእናቷ ያቀያየምኩት ግን እያወቅሁ ነው።