አልወጣ ያለች ቃል

ዓለምሸት ምላሷ የሚታሰር ሴት አልነበረችም። የሚዛን ገበያ ያውቃታል፤ ኮረሪማዋን ያጣጣለባት ደላላ ወዮለት! ልክ ልኩን ነግራው ነው የምትሸኘው። ያቺው ሴት ናት እንግዲህ አንዲት ቃል አቅቷት ሰው ፊት ተገትራ የቀረችው።

ልጇ ቤተልሔም የሞተችው በገበያ ቀን ነው። ጠዋት ብርድ ብርድ ብሏት፣ ጋቢዋን እንደተከናነበች፣ «እማ፣ ዛሬስ ይቅርብኝ» አለቻት። ዓለምሸት ደግሞ በገበያ ቀን ለማን ትመለሳለች! «ምን ይቅርብኝ ነው! ተነሽ፤ ሰነፍ መቼ በሽታ ያጣል» ብላ አስነሣቻት። ልጅቱ ጆንያዋን አዝላ ወጣች። ቁልቁለቱ ላይ ከቴፒ ቡና ጭኖ የሚመጣ አይሱዙ መንገድ ስቶ፣ ዳር ይዛ የምትሄደውን ልጅ ገጫት። ሹፌሩን እንቅልፍ ጥሎት ኖሯል። ሹፌሩስ ማን ሆነና? ፈንታው ነዋ፤ አጥር የሚያዋስናቸው የእትዬ ትርፌ ልጅ። ወይ አበሳ!

እትዬ ትርፌ የቤተልሔምን ጸጉር ከሕፃንነቷ ጀምራ የሠራች ናት። ፈንታው እጁን ለፖሊስ ሲሰጥ እሷ በሯን ዘጋች። የገዳይ እናት ለቅሶ አትደርስም፤ ነገሩ ደም ነው። እሷን የሚጠይቅም ጠፋ። የሰፈር ሰው እንዲህ ነው፤ ባዘነ ቤት ይሞላል፣ ባፈረ ቤት በኩል አንገቱን አዙሮ ያልፋል።

የዓለምሸት ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ሌላ ነው። እነሱ ዘንድ ቂም ይዞ ጸሎት የለም። ፓስተር አማኑኤል ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ «እህት ዓለምሸት፣ ይህን ተሸክመሽ እንዴት ትዘልቂዋለሽ? እሑድ በጉባኤው ፊት ‹ይቅር› በይና ይውጣልሽ» አላት። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ አዝኖላት ነው የተናገረው።

እሑድ ተነሥታ ቆመች። «ይ...» አለች። ቃሏ አልወጣ አለች። ጉባኤው ፈንታውን እያሰበች መስሎት «ጌታ ሆይ፣ እርዳት» ይላል። እሷ የምትሰማው ግን «ዛሬስ ይቅርብኝ» የሚለውን የልጇን ድምፅ ነው። ለልጇ የነፈገቻትን ቃል ለልጇ ገዳይ እንዴት ትስጥ? ተቀመጠች። «ልቧ ደነደነ» ብለው አሟት። ይበሉ!

በማግስቱ በሯን ስትከፍት እትዬ ትርፌ ደጃፏ ላይ ናት። በአባቶቿ የዕርቅ ደንብ ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ፣ ወገቧ ተቆልምሞ። ለወጉ ያህል ጠጠር ቢጤ አንሥቶ የሚመጣ አለ፤ የእሷ ግን የወፍጮ መጅ ያስንቃል። ሽማግሌ አላስከተለችም፤ ማንስ ይከተላታል? ከንጋት ጀምራ ቆማ ኖሯል።

«ዓለሜ... ልጄን ማሪልኝ አልልም» አለች መሬት መሬት እያየች። «ለእሱ ሕግ አለለት። እኔን ግን ለቅሶ አትከልክይኝ። ቤቲዬን ላልቅስላት፤ በእጄ ያደገች ልጅ ናት።»

ዓለምሸት ያየችው ማጅራቷን ነው። ቆዳው ተልጦ ደም አዝሏል። ሌላ ምንም አላሰበችም፤ ዘላ ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘች።

«እትዬ ትርፌ! ኧረ በጌታ! ይቅር! ድንጋዩ ይቅር!»

ድንጋዩ ጭቃው ላይ ዱብ አለ። ሁለቱም ክው ብለው ተያዩ። ቃሏ ወጥታለች።

እትዬ ትርፌ እግሯ ላይ ልትደፋ ስትል ዓለምሸት ብብቷን ይዛ ቀና አደረገቻት። «እግዜር ያጥናሽ፣ እትዬ» አለቻት። ሐዘንተኛዋ ለገዳይ እናት! አሮጊቷ ያን ጊዜ ከሆዷ ጮኸች፤ የሰፈሩ ሰው በየአጥሩ ብቅ ብቅ አለ። ዓለምሸትም በልጇ ቀብር ላይ እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም፤ የእትዬ ትርፌን ትከሻ ጨምድዳ ይዛ፣ ለማንም ያልነገረችውን አወጣችው።

«ይቅርብኝ ብላኝ ነበር እኮ፣ እትዬ! በርዶኛል፣ ዛሬስ ይቅርብኝ ብላኝ ነበር። ምናለ... ምናለ ይቺ ቃል ያን ለት ጠዋት ብትወጣልኝ!»