ሰባቱ ሰለዋት የኔ ነበሩ

ባለፈው ሰሞን ምሳ ላይ ቁጭ ብለን ሳለ የቤታችን ማቀዝቀዣ እርጅና ተጫጭኖት ነው መሰለኝ «ክርርር… ጠቅ… ክርርር» የሚል ድምፅ አወጣ። ባለቤቴ ጠጋኝ ይጠራ ሲል፣ ልጄ የለም አዲስ ይገዛ ስትል፣ እኔ ጉርሻዬን በእጄ እንደያዝኩ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄጄ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከአባቴ ሱቅ ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ያ ድምፅ ኮምፒውተራችን ሲያስብ የሚያወጣው ድምፅ ነበር። የዛሬዎቹ በልባቸው ነው የሚያስቡት፤ የኛው ግን ሦስተኛ ጎረቤት እስኪሰማ ያስብ ነበር።

ወደ ቤታችን የመጣው በክረምት ነው። የደሴን ክረምት ያላየ ሰው አያምነኝም እንጂ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማው ላይ ሲተኛ ሰው የገዛ እጁን ፈልጎ ያጣ ነበር፤ አባቴማ አንድ ቀን ሱቁን ከፍቶ እስከ ቀትር ሻይና ስኳር ሲሸጥ ከዋለ በኋላ፣ ጉሙ ሲገፈፍ የቆመው በጎረቤቱ ሱቅ ውስጥ ሆኖ ተገኝቷል። በእንደዚያ ያለ ጉም መሃል የአባቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ሰዒድ ከጅዳ ለእረፍት መጥቶ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ካርቶን ከታክሲ አወረደ። ካርቶኑ ሲከፈት ከስክሪኑ እስከ አንጀቱ ባንድ ላይ የተሠራ፣ ጀርባው እንደ ሰማያዊ ብርጭቆ ሆኖ የሆድ ዕቃው የሚታይ፣ የተገመጠ ፖም የተሳለበት ኮምፒውተር ወጣ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሊያየው መጣ፣ እናቴም ቀዝቃዛ አየር እንዳይመታው ነጠላዋን አለበሰችው።

«ለዘሃራ ነው» አለ አጎቴ።

ዘሃራ ታላቅ እህቴ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ውጤቷ ዩኒቨርሲቲ ሳያደርሳት ቀርቶ ቤት ተቀምጣ ነበር። የአባቴ አያት ጨርቅ ተሸክሞ ከየመን የመጣ ነጋዴ ስለነበር፣ አባቴ ሰው ተቀምጦ ሲያይ እሱን ያመው ነበርና፣ በዚያው ዕለት ወንድሙ ፊት ቁርጡን ነገራት። «ስሚኝ ልጄ፣ የበልጉ ዝናብ እስኪያባራ ሥራ ካገኘሽ አልሐምዱሊላህ፤ ካላገኘሽ ጅዳ ትሄጃለሽ። የሰዒድ ሚስት ቤት የሚያግዛት ሰው ትፈልጋለች።» ዘሃራ «እሺ አባ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጅዳ የሚል ስም በተነሳ ቁጥር የያዘችውን ሻይ ሳትጠጣው መልሳ ታስቀምጥ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ጉሙ ሲለቀን፣ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ በጥር ወር በኮምፒውተር አማርኛ የሚጽፉ ሁለት ጸሐፊዎች ፈትኖ እንደሚቀጥር ተሰማ። ሰፈራችን ባለው የጽሕፈት ማሠልጠኛ ሠላሳ ሰው ለአንድ ኮምፒውተር ይሰለፍ ስለነበር፣ እዚያ ዛሬ የተመዘገበ ሰው ተራው ለልጅ ልጁ ነበር የሚደርሰው። ስለዚህ ዘሃራ የአማርኛ መጻፊያውን ፕሮግራም በሲዲ አስገልብጣ ቤት ይዛ መጣች፣ ቢስሚላህ ብላ ከተተችው፣ ኮምፒውተራችንም ጥቂት አጉረምርሞ ሲዲውን መልሶ ተፋው። ለካ ፕሮግራሙ የተሠራው ለዊንዶውስ ኖሯል፤ የኛ ማሽን ደግሞ ዘሩ ሌላ ነው።

«አማርኛ አያውቅም እንዴ?» አለች እናቴ።

«ከጅዳ እኮ ነው የመጣው» አለ አባቴ። «እስቲ በአረብኛ አናግሩት።»

ጥቅምት ላይ ዘሃራ አያ ይማምን ጠርታ አመጣች። አያ ይማም በኛ በኩል የታወቀ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። እጁ የገባ ሬዲዮ የሞተ እንኳ ቢሆን ተነስቶ ዜና ያነባል ይባልለት ነበር። ማሽኑን ዙሪያውን ዞሮ አየው፣ ግንባሩን አከከ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ወርዶ ከሳምንት በኋላ ሌላ ሲዲ ይዞ ተመለሰ። እናቴ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው በጥያቄ መለሰላት።

«ሰርግ ስትደግሱ ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ምን እናደርጋለን፣ ሰንጋቸውን ለይተን እንሰጣቸዋለን። ራሳቸው ባርከው ያርዳሉ፣ በራሳቸው ድስት፣ በራሳቸው ጓዳ ይሠራሉ።»

«ግቢው ግን የናንተው ነው?»

«የኛው ነዋ።»

«በቃ ይሄም እንደዚያው ነው። ይህን የዊንዶውስ ፕሮግራም ቤታችሁ ውስጥ የራሱን ጓዳ እንሠራለታለን። እሱ እዚያ ሆኖ አገሩ ያለ ይመስለዋል፣ ማሽኑም ማሽንነቱን አይለቅም።»

እናቴ ጥቂት አሰበችና «ሁለት ጓዳ ባንድ እሳት ከሆነ ግን ወጡ ይዘገያል» አለች። አያ ይማም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ በደሴ ኮምፒውተር የገባት ሴት የዘሃራ እናት ብቻ ናት ሲል ይኖር ነበር።

እንዳለችውም ሆነ። በስክሪኑ መሃል ሌላ ትንሽ ስክሪን ተከፈተ፣ በዚያ ውስጥ ዊንዶውስ፣ በዊንዶውሱ ውስጥ የአማርኛው ፕሮግራም ተቀመጠ፤ ይህ ሁሉ እስኪከፈት ድረስ ግን ሰው ከደሴ ኩታበር በእግሩ ሄዶ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ ምሳ በልቶ ይመለስ ነበር። ከተከፈተም በኋላ ዘሃራ አንድ መስመር ሙሉ ትመታለች፣ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል፣ ማሽኑ ክርርር ይላል፣ ከዚያ ፊደሎቹ እንደ ዘገየ የሰርግ አጃቢ ተከታትለው እየሮጡ ይመጣሉ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ውርጩ ጆሮ ሲቆርጥ፣ ልምምዱ በየቀኑ ከቁርስ እስከ ዙህር ሶላት ሆነ። ትምህርቴ ከሰዓት ፈረቃ ስለነበር፣ ጽሑፉን ጮክ ብዬ የማነብላት እኔ ነበርኩ። የማነበውም አባቴ ስኳር የሚጠቀልልበትን የቆየ ጋዜጣ ነው፤ ገጹ ለጥቅል ተቆርጦ ስለነበር ዜናው ሁሉ እኩሌታ ነበር፣ ሚኒስትሩ ንግግሩን ሳይጨርስ እግር ኳስ ይጀምራል፣ ኳሱ መረብ ሳይነካ የስንዴ ማዳበሪያ ይመጣል። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ደጅ እኩዮቼ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ፣ የጠጠሩ ድምፅ በመስኮት ይገባል። አንድ ሳምንት ቻልኩ። በሁለተኛው ሳምንት እንዲህ አልኳት።

«እቴ፣ አያ ይማም ንገሪያት ያለኝን ረስቼው።»

«ምን አለሽ?»

«ፊደሎቹ በመንገድ ላይ እያሉ ሌላ ከነካሽ ማሽኑ አማርኛ ይረሳል አለ። ጨርሶ። አንድ መስመር ጽፈሽ እጅሽን ታነሽና አሥራ አንድ ሰለዋት አውርደሽ ነው የሚቀጠለው።»

ዘሃራ ዓይኗን አጠበበች። «ወላሂ በይ።»

«ለማሽን ደሞ ይማላል እንዴ?» አልኳት፤ በዚያች መላ መሐላ ሳልገባ አመለጥኩ።

አመነችኝ። ከዚያ በኋላ አንድ መስመር በጨረሰች ቁጥር እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በከንፈሯ ሰለዋቷን በነቢዩ ላይ ታወርድ ነበር። ፊደሎቹ አራተኛው ላይ ደርሰው ያልቁ ነበር፤ ሰባቱ የኔ ነበሩ። በሰባት ሰለዋት ውስጥ ደጅ ወጥቼ፣ ጠጠሬን ወርውሬ፣ በአንድ እግሬ እስከ ቅዳሜ ዘልዬ፣ ትንፋሼን ውጬ እመለሳለሁ። በዚያ በጋ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ አሸንፌያለሁ፣ የሌላ ሰፈር ልጆችም እየመጡ ተሸንፈው ሄደዋል።

የፈተናው ቀን አባቴ «ብቻዋን አትሄድም» ብሎ እኔን ጠባቂ አድርጎ ላከኝ። በጥር ብርድ ሹራብ ላይ ሹራብ ደርበን ተሳፈርን፤ ሚኒባሱ ቁልቁለቱን እየተጠማዘዘ ሲወርድ ተሳፋሪው በየመታጠፊያው አንድ አንድ ልብስ እያወለቀ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሁሉም በእቅፉ ሙሉ የልብስ ሱቅ ይዞ ወረደ። መፈተኛው ክፍል ስድስት ልጆችና ስድስት ኮምፒውተር ነበሩበት፣ በሙቀቱ ምክንያት መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች የጽሕፈት ክፍል ኃላፊ ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ ገጽ የእጅ ጽሑፍ አደለችና «ሃያ ደቂቃ» አለች። እኔ ውጭ መስኮቱ ሥር ጡብ ላይ ቆሜ አያለሁ።

ዘሃራ የመጀመሪያውን መስመር ዓይን ሳይርገበገብ መታችው። ማሽኑ ዊንዶውስ ነው፣ እዚያ እንግዳ የለም፣ ሁለተኛ ጓዳ የለም፤ ጣቷ ገና ሳይነሳ ፊደሎቹ ሁሉ ተደርድረው ነበር። እህቴ ግን እጇን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ አጠገቧ ያለችው ልጅ ሁለተኛውን መስመር ስትጨርስ አየሁና ሳቄን ተውኩ። ዘሃራ ሁለተኛውን መታች፣ ጨፈነች። ሦስተኛውን መታች፣ ጨፈነች። ያን ሰዓት በዓይኔ የታየኝ አጎቴ ቤት ጅዳ ሳህን ስታጥብ ነው። ብጠራት ከፈተናው ያስወጧት ይሆናል፤ ዝም ካልኩ ደግሞ እነዚያ ሰባት ሰለዋት ባሕር ያሻግሯታል። ስድስተኛው መስመር ላይ አላስቻለኝም።

«እቴ፣ ዋሽቼሽ ነው። አትጠብቂ።»

ስድስቱም ራሶች ዞሩ። ኃላፊዋ ወደ መስኮቱ መጣች።

«መልስ ነው የምትነግሪያት?»

«የለም እትየ፣ ውሸት ነው።»

«የምን ውሸት?»

«የኔ ውሸት ነው። ኅዳር ላይ የዋሸኋትን መልሼ እየወሰድኩ ነው።»

ሴትዮዋ መስኮቱን ፊቴ ላይ ዘጋችው። በመስታወቱ ውስጥ ዘሃራ ስክሪኑን ስታይ አየኋት፤ ፊደሎቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ መምታት ጀመረች፤ አስፋልት ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነበር የምትመታው፣ ክፍሉ ሁሉ ጠጠር የሚዘንብበት መሰለ። ሰዓቱ ሲያልቅ ሁለት መስመር ቀራት። ከጻፈችው ግን አንድም የተሳሳተ ፊደል አልተገኘም።

ወደ ደሴ ስንመለስ ሹራቦቻችንን አንድ በአንድ እየለበስን ግማሽ መንገድ ደረስን። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች «ሰለዋቱስ የትም አይሄድብኝም» አለች። «አንቺን ግን ጅዳ ይዤሽ ነው የምሄደው።»

የፈተናው ውጤት በፋብሪካው በር ላይ ሲለጠፍ ሁለት ልጆች አልፈው፣ ዘሃራ ሦስተኛ ሆና ተጠባባቂ ተብላ ተጽፋ ነበር። አባቴ ነገሩን ሁሉ ከሰማ በኋላ አልመታኝም፤ «አንቺ ነጋዴ ይወጣሻል» ብቻ ብሎኝ ወጣ፣ እሱ ከዱላ የባሰ ነበር። በልጉ ገባ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር፣ ዘሃራ ለፓስፖርት የሚሆን ጉርድ ፎቶግራፍ ተነሳች፣ ያም ሆኖ ልምምዷን አልተወችም። እኔም ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። ደጅ በስሜ ሲጠሩኝ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ፣ በቆርቆሮው ጩኸት ላይ እየጮህኩ እኩሌታ ዜናዎቼን አነብላት ነበር፤ እሷም ሳትጠብቅ ትመታለች፣ ሙሉ ገጽ ጨርሳ ጸጉሯን ሠርታ ስትመለስ ማሽኑ ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ እያለከለከ ይደርስ ነበር።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ ሳስቶ አባቴም የሰማዩን ጠርዝ ማየት ሲጀምር፣ አንድ የፋብሪካው ሾፌር ወረቀት ይዞ ሱቅ መጣ። ካለፉት ልጆች አንደኛዋ ባል አግብታ አዲስ አበባ ሄዳለች፣ ዘሃራ ሰኞ ሥራ ትግባ ይላል። አባቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ዱዓ አደረገ፣ ከዚያ ነጋዴ ነውና «አራቱ ጉርድ ፎቶግራፍስ ምን ይሆናል?» አለ።

«ለፋብሪካው መታወቂያ» አለች ዘሃራ፣ የያዘችውንም ሻይ እስከ አተላው ጠጣችው።

ዛሬ ዘሃራ የዚያው ፋብሪካ የጽሕፈት ክፍል ኃላፊ ናት፣ ቤቷም ኮምቦልቻ ነው። ልጄ ሃያት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በላፕቶፗ ላይ የየትኛውንም ማሽን ፕሮግራም ብትፈልግ ታወጣለች፣ የስልክ ጨዋታም፣ እሷ ሳትወለድ የሞተ ፕሮግራምም፣ ሁሉም ዓይን እስኪርገበገብ ይከፈትላታል፣ የማን ቤት የማን እንግዳ እንደሆነ ጠይቃም አታውቅ። በቀደም አመሌ ተነሳብኝና «የባዕድ ፕሮግራም ስትከፍቺ እኮ ነው የሰፈሩ መብራት የሚጠፋው» አልኳት። ስልኳን አነሳች፣ እኔ ቃሌን ሳልጨርስ አጣርታ «ውሸት ነው እማ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያኔ አንዲት ቃሌ እህቴን ባሕር ልታሻግራት ተቃርባ ነበር፤ አሁን ቀኑን ሙሉ ብቀጥፍ ልጄን ከሶፋ አላስነሳትም። ለልጆቹ ይሄኛው ይሻላል፣ እውነቴን ነው። ብቻ ዘሃራ ያን በጋ ዓይኗን ጨፍና አምናኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያመነኝ ሰው አላገኘሁም።