የባዶ እግሯ ዳንሰኛ ተማሪ ነኝ ያሉኝ ሴት

ሴትዮዋን የተጠራጠርኳቸው እግራቸውን መጀመሪያ ባጠብኩ ቀን ነው።

በፈረንጆቹ 2020 የምሠራበት የካዚኖ ሆቴል በወረርሽኙ ምክንያት በሩን ዘግቶ የክፍል ጽዳት ሠራተኞችን በሙሉ ወደ ቤታችን ሰደደን። ሁለት ወር ቤቴ ከተቀመጥኩ በኋላ አንዲት የማውቃት ሴት፣ "ሮድስ ራንች የሚባለው ሰፈር ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት አሉ፤ ልጃቸው ቀን ቀን የምትረዳቸው ሰው ትፈልጋለች" አለችኝ። ሄድኩ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ጨዋታቸው ግን አያልቅም። እንግሊዝኛ አንቺን ከእርስዎ አይለይም፤ እኔ ግን በልቤ እርስዎ እያልኩ ነበር የማናግራቸው።

አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ ቴአትር ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ተወዛዋዥ እንደነበርኩ ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

"እኔም እኮ ዳንሰኛ ነበርኩ!" አሉ።

ከዚያ ታሪኩ መጣ። ድሮ በፈረንጆቹ ዘንድ መድረክ ላይ መደነስ ማለት ወገብን በጥብቅ ልብስ ሸብቦ፣ ጫማን አጥብቆ አስሮ፣ በእግር ጣት ጫፍ መቆም ነበር። አንዲት ሴት ተነሣችና ጫማውንም መሸበቢያውንም አውልቃ ጣለች። ስስ ጨርቅ ለብሳ በባዶ እግሯ መድረክ ላይ ወጣች። እንቅስቃሴ የሚነሣው ከእግር ሳይሆን ከደረት፣ ከትንፋሽ ነው ብላ አስተማረች። ዛሬ ዘመናዊ ዳንስ የሚባለው ከእሷና ከእሷ መሰሎች እንደጀመረ ነገሩኝ። የእሳቸው መምህር በልጅነቷ ከዚያች ሴት ኋላ ተሰልፋ የተማረች ነበረች። እሳቸው ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ ከመምህሯ ጋር ስምንት ዓመት ደንሰዋል።

አመንኳቸው። በሳምንቱ እግራቸውን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፌ ሳጥብ ግን እጄ ቆመ። የእኔ አውራ ጣት እስከ ዛሬ እንደተጣመመ ነው። ተረከዜም የቴአትር ቤቱን ወለል አልረሳም። የእሳቸው ጣቶች ቀጥ ያሉ፣ ውስጥ እግራቸውም እንደ ሕፃን የለሰለሰ ነበር። ስምንት ዓመት በባዶ እግሩ የደነሰ ሰው እንዲህ ዓይነት እግር የለውም።

"ምነው አቆምሽ?" አሉኝ።

"ውኃው እንዳይበርድብዎት ብዬ ነው" አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉን ነገር እከታተል ጀመር። መሳቢያ ውስጥ አንድ ፎቶ ነበራቸው፤ ነጭ የለበሱ ሴቶች እጃቸውን ዘርግተው ተሰልፈዋል። አንድ ቀን "ይቺ እኔ ነኝ" ብለው ከግራ ሦስተኛዋን አሳዩኝ። ከአሥር ቀን በኋላ ራሴው አውጥቼ ጠየቅኳቸው፤ ጣታቸው ከዳር ያለችው ላይ አረፈ። ፎቶውን ወደ መሳቢያው መለስኩት።

ልጃቸውም አላማረችኝም። ኢንስፒራዳ የሚባል ሌላ ሰፈር ነው የምትኖረው፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች። ሳሎኑ ጣሪያ ላይ ካሜራ አስተክላለች። አንድ እሑድ መኪናዋ ድረስ አስከተለችኝና፣ "እናቴ ስለ ዳንስ ታወራልሻለች?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ስሚያት እንጂ ብዙ አትጠይቂያት።"

ለምን እንዳትጠየቅ ፈለገች? የእናትየዋ አእምሮ እየደከመ ይሆን? ወይስ ነገር አውጣጥቼ የምጠቀም መስዬአት ነው? እኔ እሳቸውን እሰልላለሁ፣ ልጃቸው በካሜራ እኔን ትሰልላለች፤ እንዲህ ሆነን ከረምን።

በጥቅምት አንድ ኢሜይል መጣ። በሌላ ስቴት የዳንስ ታሪክ የምታጠና ሴት ስለ እሳቸው ሰምታ ኖሮ፣ መምህራቸው ያስተማረቻቸውን አንድ ዳንስ በዙም እንዲያሳዩአት ጠየቀች። ሴትዮዋ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

"ጉልበቴ እምቢ ይላል። እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትደንሺዋለሽ" አሉኝ።

ውሸታቸውን በእኔ አካል ሊናገሩ ነው ብዬ ፈራሁ። ግን እሺ አልኩ፤ እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ አገሬን ለቅቄ ከመጣሁ ወዲህ ደንሺ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ምንጣፉን ጠቅልለን ሳሎን ውስጥ ተለማመድን። ዳንሱን ያውቁታል፤ ይህ ጥርጣሬዬን አባሰው። የቱ ጋ መዞር፣ የቱ ጋ መቆም እንዳለብኝ አንድም አልሳቱም። ሆኖም ክብደቴ በየትኛው እግር ላይ ይሁን ስላቸው አያውቁም። "እዚህ ጋ ጀርባሽን ትሰጪኛለሽ" ይላሉ። "እዚህ ጋ ፊትሽን አላየውም።" ሁልጊዜ ከአንድ ጥግ ነው የሚያዩኝ። ስሳሳት ደግሞ ዜማውን ከመጀመሪያው ያንጎራጉሩና አሥሩም ጣቶቻቸው የወንበሩ ክንድ ላይ ይሮጣሉ።

ጣቶቹን ሳይ ገባኝ።

"ያኔ የት ጋ ነበር የሚቆሙት?" አልኳቸው።

ጣቶቻቸውን ከወንበሩ ክንድ ላይ አነሡ። "አልቆምም ነበር" አሉ። "እቀመጥ ነበር። የዳንሰኞቹ ፒያኖ መቺ ነበርኩ።"

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸው ቀጠሉ። ባላቸው ወደዚህ ከተማ ያመጣቸው ጊዜ አንድ ግብዣ ላይ ለጓደኞቹ "ሚስቴ ዳንሰኛ ነበረች" አለ። ፒያኖ የሚመታ በየባሩ አለ፤ ያን ማታ ግን ሁሉም ወንበሩን ወደ እሳቸው አዞረ። አላረሙትም። በማግሥቱ ማረሙ የረፈደ መሰላቸው፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ ሐፍረት ሆነ። እንዳይታወቅባቸው ቤታቸው ፒያኖ ሳያስገቡ ዕድሜያቸው አለቀ።

"ለልጄ እንዳትነግሪያት።"

አልነገርኳትም፤ ራሷ መጥታ ነገረችኝ እንጂ። በካሜራው ሰምታን ነበር። "ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ" አለችኝ መኪናዋ አጠገብ ቆማ። "ብዙ አትጠይቂያት ያልኩሽ እንዳትዋረድብኝ ነው።" በጥርጣሬዬ አፈርኩ። እሷ ግን የመኪናዋን የኋላ ክዳን ከፍታ ልጇ መጫወት የተወውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ እያወረደች ነበር።

የዙሙ ቀን አጥኚዋ ገና ሰላምታ ሰጥታ ሳትጨርስ ሴትዮዋ፣ "እኔ ደንሼ አላውቅም። ፒያኖ መቺ ነበርኩ" አሉ። አጥኚዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። ዳንሱን በትንሹም ቢሆን የሚያስታውሱ አሉ፤ በየትኛው ዜማ፣ በምን ፍጥነት እንደሚደነስ የሚያውቅ ግን አላገኘችም ነበር። "እባክዎ ይምቱልኝ" አለች። መቱ። ያረጁት ጣቶቻቸው ይዘገያሉ፤ እኔም እየደነስኩ አብሬ ዘገየሁ። ልጃቸው በሩ ላይ ተደግፋ ታለቅስ ነበር።

በ2021 ካዚኖው መልሶ ጠራኝና ወደ ሺፍቴ ተመለስኩ። በእረፍት ቀኔ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። አንድ ቀን የአጥኚዋን ደብዳቤ አስነበቡኝ። ዳንሱ ሌሎች ከሚያስታውሱት ጋር ይገጥማል፤ መሐል ላይ ያለውን አንድ ክፍል ግን ማንም አያውቀውም፤ እስካሁን ያልታየ ግኝት ሳይሆን አይቀርም ይላል።

"የትኛው ክፍል ነው?" አልኳቸው።

መጽሔት አንሥተው ያገላብጡ ጀመር።

"እርስዎ!"

"ዙሪያውን ዞረሽ ስትመጪ ትከሻሽን የምትሰብቂው" አሉ ቀና ሳይሉ። "በልምምዱ ሁለተኛ ሳምንት ረስተሽ እንደ አገርሽ አደረግሽው። ከበፊቱ ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ።"

ያን ማታ ለአጥኚዋ ጻፍኩላት። ያ ክፍል የመምህሯ ሳይሆን የእኔ ስህተት መሆኑን በደካማ እንግሊዝኛዬ አብራራሁ። መልሷ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ አመስግናኝ፣ ሴትዮዋም እኔም እንዳልነው አድርጋ በማስታወሻ እንደምታስቀምጠው ገለጸችልኝ። ከሥር ደግሞ አንድ ጥያቄ ነበራት፦ የቀረው ዳንስስ ከሴትዮዋ ትዝታ ለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ?

አይደለሁም። እንደዚያው ብዬ መለስኩላት።